ወደ ኃላፊ ጊዜ ቀይሪው

ሰው እንግሊዝኛ የሚማረው ለመናገር ነው የሚል ካለ፣ ያ ሰው ቆቦ አልተማረም። እኛ የተማርነው ለመቀየር ነው። አድራጊውን ወደ ተደራጊ፣ የአሁኑን ወደ ኃላፊ፣ አዎንታዊውን ወደ አሉታዊ ስንቀይር ነው ጢም ያበቀልነው። «ጆን ኳሷን መታ» የሚል ዓረፍተ ነገር እጃችን ላይ ከወደቀ፣ ዓይናችን ሳይርገበገብ ኳሷ በጆን ተመታች። ጆን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ኳሷስ ምን እንዳደረገችው የጠየቀ የለም። መኪናው ዋጃ መንገድ ላይ ተበላሽቶበት የሚጠጣ ውሃ የት እንደሚገኝ የጠየቀን ፈረንጅ ግን ያተረፈው ሳቃችንን ብቻ ነው። ምን እናድርግለት? ቀይሩልኝ አላለንማ!

ፕላዝማ የሚሉት የቴሌቪዥን አስተማሪ ገና ባልመጣበት ዘመን፣ የእንግሊዝኛ መምህራችን ቲቸር ጌትነት ነበር። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ በዚያ ሙቀት ከረባቱን የማይፈታ ሰው ነው። ክፉ አልነበረም። ሌላው ተመድቦ የመጣ ሁሉ ወባ ሲይዘው፣ እሱን የያዘው ሰዋስው ነው።

አንድ ሚያዝያ «የእንግሊዝኛ ቀን» አዘጋጀ። ሕጉ አጭር ነበር፤ ከተወዳዳሪዎቹ አማርኛ ያመለጠው ይወጣል። ሽልማቱ ትራስ የሚያህል ዲክሽነሪ። ወላጆችም ልጆቻቸው በማይገባቸው ቋንቋ ሲናገሩ ሰምተው እንዲኮሩ ተጠሩ። የቆርቆሮ ክፍላችን ያን ሰሞን በሙቀቱ ዳቦ ይጋግር ስለነበር፣ ወንበሮቹ ከግቢው በታች ካለው ወንዝ ዳር፣ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ተደረደሩ። ወንዝ ስላችሁ ውሃ እንዳታስቡ፤ አሸዋ ነው። ውሃው የሚመጣው ሲያሰኘው ነው። በምዕራብ በኩል ያለው ተራራ ላይ ይዘንብና፣ እኛ ዘንድ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጠርቶ ሳለ፣ ደራሽ ጎርፍ ድንገት ይወርዳል።

ከተወዳዳሪዎቹ የምትፈራው ከድጃ ነበረች፤ ድምጿ ከአጠገቧ ወንበር የማያልፍ፣ ግን ስህተት የማይገኝባት ልጅ። ዲክሽነሪውን እንዴት እንደተመኘችው በዓይኔ አይቻለሁ። ውድድሩ ሳይጀመር የተቀመጠበት ጠረጴዛ ዘንድ ሄዳ፣ ልክ እንደ ሕፃን ራስ ሽፋኑን ትዳብስ ነበር። አባቷ ጋሽ ሰይድ ማሽላ ገበያ አድርሰው ሲመለሱ፣ ግመላቸውን ወንዙ ውስጥ ካለች ግራር አስረው ከወላጆች ጋር ተቀመጡ።

ሌሎቹ መምህራን ለዳኝነት ተቀመጡና ውድድሩ ተጀመረ። አንዱ «እንዴ!» በማለቱ ወጣ። ሌላዋ ንብ ነድፋት «ወይኔ!» ስላለች ተሸኘች፤ ንቧ ግን በምን ቋንቋ እንደነደፈች አልተጣራም። በመጨረሻ የቀሩት ከድጃና ወንድይፍራው ነበሩ። ወንድይፍራው የተጠየቀውን ሁሉ አንገቱን ደፍቶ በዝምታ ስለሚያሳልፍ፣ አማርኛ የሚያመልጥበት ቀዳዳ አልነበረውም።

ይኼኔ ግመሉ ገመዱን ከግራሩ ጋር ጠምጥሞ መጮህ ጀመረ። ጋሽ ሰይድ ሊፈቱት ወደ አሸዋው ወረዱ።

ቲቸር ጌትነት ለከድጃ የመጨረሻውን ጥያቄ አቀረበ። «ፊት ለፊትሽ የምታዪውን ነገር በአሁን ጊዜ ንገሪን» አላት፤ በእንግሊዝኛ ነው እንግዲህ። ከድጃ ቀና አለች። ደነገጠች። ከላይ፣ ከወንዙ መታጠፊያ፣ ቡናማ ነገር ግንድ እየገፋ ብቅ ብሏል።

«ዘ ፍለድ ኢዝ ካሚንግ!» አለች።

«ቬሪ ጉድ!» አለ ቲቸር።

ጭብጨባው ቀለጠ። ጀርባችንን ለወንዙ ሰጥተን የተቀመጥን ሁላችን አጨበጨብን። እሷ እጇን ወደ ወንዙ ዘርግታ ደገመችው፤ እኛ ደግሞ በምልክት አጅባ መናገሯን አደነቅን። ከታች ጋሽ ሰይድ ሳይቀሩ፣ ልጃቸው እንደተጨበጨበላት ሲሰሙ የግመሉን ገመድ ለቀው አጨበጨቡ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው በጭብጨባም ጭምር መሆኑን ያን ቀን ተማርኩ።

«ኤክሰለንት! አሁን ወደ ኃላፊ ጊዜ ቀይሪው» አላት።

ብትታዘዘው ኖሮ፣ ወደ ኃላፊ ጊዜ የሚቀየሩት አባቷ ነበሩ።

ከድጃ ዲክሽነሪውን አንዴ አየችው። ከዚያ ያ የማይሰማ ድምፅ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ «አባዬ! ደራሽ መጣ! ግመሉን ተወውና ውጣ! ውጣ!» ብላ ጮኸች።

ጋሽ ሰይድ ግን የራያ ሰው ናቸው፤ ግመል ተዉ ቢሏቸውም አይተዉም። ቢላዋቸውን መዘው ገመዱን ቆረጡና እየጎተቱት ዳገቱን ሲቧጥጡ፣ እኛም ወርደን በሽርጣቸው ሳብናቸው። ውሃው ከኋላቸው ግራሯን ጠርጎ ሄደ። ከድጃ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

ዳኞቹ ግን ሥራ ነበረባቸው። ዛፍ ሥር ሄደው ተመካከሩ። ነፍስ መዳኑ በጣም እንዳስደሰታቸው ገለጹ። ሆኖም ሕግ ሕግ ነው፤ ከድጃ አማርኛ ተናግራለች። በዚህ መሠረት የእንግሊዝኛ ቀን አሸናፊ፣ ቀኑን ሙሉ በየትኛውም ቋንቋ አንድ ቃል ያልተነፈሰው ወንድይፍራው ሆነ። አሁንም አልተናገረም፤ እጅ ነስቶ ተቀበለ። ከድጃ ዓይኗን ከዲክሽነሪው መልሳ፣ የአባቷን ሽርጥ ጭቃ በመዳፏ ትጠርግ ጀመር።

ቲቸር ጌትነት መሬት መሬት እያየ ወደ ጋሽ ሰይድ መጣ። ምን ሊል እንደነበር እንጃ፤ እሳቸው ቀደሙት። ሁለት እጁን ጨብጠው ምርቃቱን አዘነቡበት። ከዚያ ያሉትን ነገር፣ ቀልደው ይሁን ከልባቸው፣ እስከ ዛሬ አልለየሁም።

«አላህ ይስጥዎ የኔ መምህር! ሰው እንግሊዝ አፍ ከባድ ነው ሲል እሰማ ነበር። ውሸት ነው! ልጄ ስትናገር አንድ ቃል አላመለጠኝም።»