ጠላ ሊተፋ የመጣ ዳኛ

ነጻና ገለልተኛ ዳኛ የሚባል ነገር በዚህ ዓለም ላይ የለም! አለ የምትሉ ካላችሁ ወይ አማት የላችሁም፣ ወይ አማታችሁ ጠላ አይጠምቁም። እኔ ግን አማት አሉኝ። አማቴ ደግሞ ደብረ ታቦር ውስጥ ሠላሳ ዓመት ጠላ የሸጡት እማማ የሺ ናቸው። እንግዲህ ፍረዱኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ጥር፣ ጥምቀት አልፎ ሰርጉ ሲጧጧፍ፣ ከተማችን ውስጥ የጠላ ፌስቲቫል ተዘጋጀ። አትሳቁ! ፌስቲቫል ነው የተባለው። ድንኳኑ፣ ባነሩ፣ ጆሮ የሚበጥስ ድምፅ ማጉያው፣ የክብር እንግዳው… አንድም የቀረ የለም። ከከተማችን፣ ከእብናት፣ ከአንበሳሜና ከሐሙሲት የመጡ አሥራ አራት ጠላ ጠማቂዎች አንድ አንድ እንስራ ይዘው ይወዳደራሉ። ያሸነፈችው ደጃፏ ላይ የሚሰቀል ሰሌዳ ትሸለማለች። "የዓመቱ ምርጥ ጠላ ቤት" የሚል፣ በቀይና በቢጫ የተጻፈ፣ ከመንገድ ማዶ የሚነበብ ሰሌዳ ነው።

ይህ "ከመንገድ ማዶ" ያልኩት ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከእማማ የሺ በር ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ የእትዬ ብርቄ ጠላ ቤት አለ። ሁለቱ ሴቶች በር ለበር ተፋጠው ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። ሲገናኙ ይሳሳማሉ፣ ልጅ ሲወለድ ለገንፎ ይጠራራሉ፣ ለቅሶም አብረው ይደርሳሉ። የጠላ ነገር ከተነሣ ግን… ተዉኝ! እማማ የሺ "የብርቄ ጠላ ደህና ነው፤ ውሃ ለጠማው" ይላሉ። እትዬ ብርቄ ደግሞ "የየሺ ጠላ ይጠጣል፤ ሌላው ቤት ከተዘጋ" ይላሉ። እና ያ ሰሌዳ እትዬ ብርቄ በር ላይ ከተሰቀለ አማቴ በየማለዳው በራቸውን ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።

"እሱን እያየሁማ አልኖርም፤ ይኼን በር ደፍኜ በጓሮ አስከፍታለሁ" አሉ። እማማ የሺ በበር አይቀልዱም። ግንበኛ ሁሉ አናግረው ነበር።

እኔ ዳኛ የሆንኩት ኬሚስትሪ አስተማሪ ስለሆንኩ ነው። አዘጋጆቹ ስለ መፍላት የሚያውቅ ሰው ሲፈልጉ እኔ ትዝ አልኳቸው። "አማቴ እኮ ይወዳደራሉ" ብዬ በቅንነት ነገርኳቸው። "ግድ የለም፤ እንስራዎቹ በቁጥር ስለሚቀርቡ የማን እንደሆነ አታውቅም" አሉኝ።

ይህን ለሚስቴ ለመሠረት ብነግራት ሳቀችብኝ።

"አታውቅም? የእናቴን ጠላ?"

"ዐይኔን ታስሬ አውቀዋለሁ!" አልኩ። እዩልኝ እስቲ ጉራዬን!

"እንግዲያው በደንብ እወቀው። ሰሌዳው እናቴ በር ላይ ካልተሰቀለ፣ እቤት ምን ያመጣሃል? እዚያው ላብራቶሪህ እደር።"

ከውድድሩ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ተወዳዳሪዎቹ ደንቡ እንዲነበብላቸው ተጠሩ። ደንቡን ያነበበው ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ ነው፤ እሱም ከዳኞቹ አንዱ ነው። ሙያው መጠጥ መቅመስ ነው። (ሰው መጠጥ እየቀመሰ ደመወዝ እንደሚከፈለው ያወቅሁት ያን ቀን ነው። እኔ ሞኙ ኬሚስትሪ አራት ዓመት ሙሉ ተማርኩ!)

"ዳኞች አንድ ጉንጭ ይወስዳሉ፣ አፋቸው ውስጥ ያንከባልላሉ፣ ከዚያ ባልዲ ውስጥ ይተፉታል" አለ።

የአንበሳሜዋ ተወዳዳሪ እጇን አወጣች።

"ምን ያደርጋሉ?"

"ይተፉታል።"

"ጠላውን?"

"አዎ፣ ጠላውን።"

"ምነው፣ ያማቸዋል?"

እማማ የሺ ነጠላቸውን አስተካከሉና ውልቅ ብለው ወጡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ሲወጡ ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ነበር፤ እኔ ግን አልገባኝም። እትዬ ብርቄ በዕለቱ ለቅሶ ስለነበረባቸው አልተገኙም።

የውድድሩ ቀን ማለዳ የጉና ተራራ ብርድ አጥንት ይሰብር ነበር። የእብናቷ ተወዳዳሪ እንስራዋን ጋቢ አልብሳ፣ ሚኒባስ ላይ መስኮት ጥግ አስቀምጣ፣ እሷ መተላለፊያው ላይ ቆማ መጣች። ሕዝቡ ድንኳኑን ሞላው። ጠላው ግን ዳኝነቱ ሳያልቅ ለሕዝብ አይቀዳም ተባለ። ምን ይደረግ? ከጎን የጠርሙስ ቢራ የሚሸጥ ሰው ነበረና ሁሉም እየገዛ ቆመ። አስቡት፣ የጠላ ፌስቲቫል ላይ መጥቶ አንድ ሺህ ሰው ቢራ ይጠጣል!

ሦስተኛው ዳኛ መምሬ ቢያድግ ናቸው። ከከተማው ሽማግሌዎች "ሐቀኛ" ተብለው ነው የተመረጡት። ባለሙያው የመጀመሪያውን ብርጭቆ ብርሃን ላይ አንሥቶ አየ፣ አሸተተ፣ ሊጎነጭ ሲል…

"ቆይ እንጂ አንተ ሰውዬ! ሳይባረክ?" አሉ መምሬ፤ መስቀላቸውንም አወጡ።

አባታችን ሆይ ተባለ። ሕዝቡ ተነሣ፣ ሙዚቃው ቆመ፣ ቢራ የያዘው ሁሉ ጠርሙሱን ጋቢው ውስጥ ከተተ። መምሬ ባረኩና ተቀመጡ። ባለሙያውም አንድ ጉንጭ ወሰደ፣ አንከባለለ፣ ባልዲው ላይ ጎንበስ ሲል መምሬ አገጩን ከታች ደግፈው ያዙት።

"ዋጥ!"

"እምም… እም…"

"ዋጥ እልሃለሁ! የተባረከ ይተፋል? በየት አገር ነው የተባረከ የሚተፋ?"

ባለሙያው ዐይኑን አፍጥጦ ዋጠ። ድንኳኑ በእልልታ ተናወጠ። ባልዲው ተገልብጦ የአንዱ ሽማግሌ መቀመጫ ሆነ፤ ደንቡም በዚሁ ተቀበረ።

ተወዳዳሪዎቹ ከገመድ ወዲያ ተቀምጠው ያያሉ። ጠላቸው ሲዋጥ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። እነሱ ግን ተያዩ። የሐሙሲቷ "ውይ… ዋጠው እኮ!" ብላ ደረቷን ስትይዝ ሰማኋት። አዝናልን ነው ብዬ አለፍኩ። እኔ የተማርኩት ኬሚስትሪ ነው፤ ሰው አልተማርኩም።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ። ቀጂዎቹ ሴቶች አንድ ጉንጭ የሚባል ነገር አያውቁም። "በሞቴ!" "አፈር ስሆን!" "በአንድ ብቻማ አይወጣም!" እያሉ ከየእንስራው ሁለት ሁለት ብርጭቆ አስጨለጡን። ቁጥር አንድን ጠጣሁ፤ ቀጠነብኝ። ቁጥር ሁለትም ያው። ሦስትም ያው። "ዘንድሮ ጠላው ምን ነካው?" እያልኩ ቁጥር አራት ላይ ደረስኩ።

አቤት! የወይራው ጭስ ከጠላው ቀድሞ አፍንጫዬ ገባ። ጌሾው ምላሴን ጠርዙ ላይ ነከስ አድርጎ ለቀቀኝ። "ይኸው! እማማ የሺ!" አልኩ በሆዴ። አስር ከአስር ሰጠሁ። አስተያየት ይጻፍ የሚል ቦታ ነበርና "ከዚህ በኋላ ሌላ ጠላ ባይጠመቅም ይቻላል" ብዬ ጻፍኩ።

አማቴን ካገኘሁ በኋላ ለማንም አልራራሁም። ተፎካካሪ አይደሉ? የቀሩትን እየቀመስኩ በነጥብ አጨድኳቸው። በተለይ ቁጥር አሥራ አንድ ላይ እጄ በጣም ጨከነ። "ይህ ጠላ አይደለም፤ የጋን እጣቢ ነው። ጠማቂዋ ሙያ ትቀይር" ብዬ ጽፌ ከሥሩ አሰመርኩበት።

ሌላው ጭንቀት ደግሞ ሽንት ነው። ሠላሳ ሊሞላ ምንም ያልቀረው ብርጭቆ ሆዴ ውስጥ ይንቦጫቦጫል። የመጸዳጃ ቤቱን ቁልፍ የያዘው ዘበኛ ደግሞ ቢራ ሊጠጣ ሄዶ ጠፍቷል። ባለሙያው እግሩን አጣምሮ መራመድ ጀምሯል። እኔ ሹልክ ብዬ ከመድረኩ ባነር ጀርባ ዞርኩ… የክብር እንግዳው ቀድመውኛል። በአክብሮት ሰላምታ ተለዋውጠን የየራሳችንን ሥራ ቀጠልን። አንድ ነገር ግን አስደነቀኝ፤ ያን ሁሉ ጠጥቼ ቀጥ ብዬ ነው የምሄደው። "ለካ እንዲህ ያለ ጠንካራ ሰው ኖሬያለሁ!" ብዬ በራሴ ኮራሁ።

ውጤቱ ደረሰ። መድረክ መሪው ቁጥርና ስም ብቻ እንዲያነብ ተነግሮት ነበር። እሱ ግን ከጠዋት ጀምሮ ከቢራው ጎን ውሎ፣ አፉ ተፈቶ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ሁሉ ያነብ ጀመር።

"አንደኛ፣ ቁጥር አራት! የኬሚስትሪ አስተማሪው ዳኛችን ምን ይላሉ? 'ከዚህ በኋላ ሌላ ጠላ ባይጠመቅም ይቻላል!' ባለቤቷም… ወይዘሮ ብርቄ!"

ሚስቴ ከሕዝቡ መሃል ስታየኝ ታየችኝ፤ ባላያት ይሻለኝ ነበር። ታዲያ እማማ የሺ የትኛው ናቸው? ሁለተኛ ተባለ፣ እሳቸው አይደሉም። አምስተኛ… ዘጠነኛ… አሥራ ሦስተኛ… አሁን ገባኝ! ማይኩን ልቀማ ወደ መድረኩ ሮጥኩ። አልደረስኩም።

"አሥራ አራተኛና የመጨረሻ፣ ቁጥር አሥራ አንድ! አሁንም አስተማሪው፦ 'ይህ ጠላ አይደለም፤ የጋን እጣቢ ነው። ጠማቂዋ ሙያ ትቀይር!' ባለቤቷ ወይዘሮ የሺ!"

እማማ የሺ ገመዱን ከፍ አድርገው በሥሩ አለፉና መድረኩ ሥር ቆሙ።

"የጋን እጣቢ?"

"እማማ፣ እኔ እኮ…"

"አንተ ዳኛው! እኔን ነው ሙያ ቀይሪ ያልከኝ? ልጄን የዳርኩልህን?"

"እማማ ይቅር ይበሉኝ… ግን ጠላው ቀጠነብኝ።"

"ይቀጥናላ! ቅራሪ ነዋ!"

ቅራሪ ማለት፣ የከተማ ልጅ ሆናችሁ ካላወቃችሁ፣ ዋናው ጠላ ተቀድቶ ካለቀ በኋላ ድፍድፉ ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚወጣው ነው። ለቤተኛ ይቀርባል፤ ለእንግዳ ነውር ነው።

"ልትተፉት ነው አላችሁን እኮ!" አሉ እማማ የሺ። "ደንብ ብላችሁ አነበባችሁልን! ለሚተፋ ሰው ዋናውን ጠላዬን ላምጣ? አብጃለሁ? ዋናውን እቤት ከድኜው ነው የመጣሁት!"

የእብናቷ ብድግ አለች። "እኔም ቅራሪ ነው ያመጣሁት።"

"እኔም!" አለች የአንበሳሜዋ።

"እኔስ ታዲያ!" አለች የሐሙሲቷ።

አሥራ ሦስት ሴቶች ተራ በተራ ተነሡ። እኔ ጠንካራው ሰውዬ ለካ ያን ሁሉ ብርጭቆ ቅራሪ ነው የገለበጥኩት! ሕዝቡ በሳቅ ተንፈራፈረ። ባለሙያው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ቅራሪ ምንድን ነው?" አለኝ።

"ብርቄ ስብሰባው ቀን ለቅሶ ነበረች" አሉ እማማ የሺ፤ ድምፃቸው ትንሽ ተሰበረ። "መተፋቱን አልሰማችም። ዋናውን አመጣች፣ ቅራሪን አሸነፈች። ይኼ ማሸነፍ ነው? እግዜር ያሳያችሁ!"

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አሳዘኑኝ። ከሕዝቡ አንዱ "ዋናውን እንቅመሰዋ!" ብሎ ጮኸ። በቃ! ፌስቲቫሉ ነቅሎ ተነሣ። ቢራ ሻጩ ብቻውን ቀረ፣ ድምፅ ማጉያው ለራሱ ይዘፍናል፣ ሕዝቡ ቁልቁል ወደ እማማ የሺ ቤት ጎረፈ። መምሬ ከፊት ናቸው።

ጋኑ ተከፈተ። ቤቱ ሞልቶ ሰው አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሲጠጣ እትዬ ብርቄ ሰሌዳቸውን በብብታቸው ይዘው ገቡ። ሁሉም መንገድ ለቀቀላቸው። እማማ የሺ ራሳቸው ቀዱ፣ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱና ጣሳውን ሰጧቸው። እትዬ ብርቄ ጠጡ። ጣሳውን እንደገና ዘረጉ። ጠጡ።

"እጅሽ ይባረክ፣ የሺ" አሉ። "እግዜር ያውቃል፣ ይኼ ጠላ ነው።"

"ሰማችሁ?" አሉ አማቴ ወደ ሕዝቡ ዞረው። ፊታቸው እንዲህ ሲበራ ከሠርጌ ቀን ወዲህ አላየሁም። ሚስቴም በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለችልኝ። እራት እቤቴ ልበላ ነው አልኩ።

እትዬ ብርቄ ሰሌዳቸውን አንሥተው ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

"ብቻ የሺ፣ ይኼን አምጥቼ ቢሆን ብለሽ እንዳይቆጭሽ። አንቺ ይኼን ብታመጪ እኔም ዋናውን አመጣ ነበር።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ለቅሶ ቤት የማይወራ ምን አለ? መተፋቱን እኮ እዚያው ሰምቻለሁ። እኔም ያመጣሁት ቅራሪዬን ነው።"

ወጡ። እማማ የሺ ባዶውን ጣሳ ይዘው ወደ እኔ ዞሩ።

"ስንት ነበር የሰጠሃት?"

"አስር።"

"ከስንት?"

"ከአስር።"

እማማ የሺ ጣሳውን አስቀመጡ።

"አሳንሰሃል" አሉኝ።