እህቴ፣ ትሎቿና የእጮኛዬ አባት

ወገን ሆይ፣ በየቤተሰቡ አንድ አሳፋሪ አዋቂ አይጠፋም። ወሬውን ሁሉ ጎትቶ ወደ ገዛ እውቀቱ ካላስገባ እህል በጉሮሮው አይወርድለትም። ለእኛ ቤት የደረሰችን ታላቅ እህቴ ናት፤ ክብርት የጭቃ ትሎች ጠበቃ።

ክብርትነታቸው ከወንዝ ወለል በተዛቀ ጭቃ ውስጥ ክር የሚያካክሉ ትሎች እያኖሩ፣ መርዝ እየመገቡ ይመራመራሉ። የዕድሜ ልክ ግኝታቸው ይህ ነው፦ ትሉ አየር ካገኘ መርዙን ሰባብሮ ከሰውነቱ ያስወጣል። አየር ካጠረው ግን ያለ የሌለ ጉልበቱ በሕይወት ለመቆየት ብቻ ያልቅና መርዙ እዚያው ሰውነቱ ውስጥ ይከማቻል። የወንዝ ወለል ደግሞ አየር የለውም። ስለዚህ ለዓለም ችግር ሁሉ አንድ ጥያቄ አላቸው፤ "አየርስ?"

አክስታችን መድኃኒቱ አልሠራልኝም ብላ ስታማርር፣ "መኝታ ቤትሽስ? አየርስ?" አዲስ ተጋቢዎች ተጣሉ ሲባል፣ "በዚያች ጠባብ ክፍል? አየርስ?" ለቅሶ ቤት ተነሥተው መስኮት ሲበረግዱ ያየሁ ዕለትማ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ታዲያ የእጮኛዬ አባት፣ የወንዝ ዳሩ የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ፣ ልጃቸውን ሊሰጡኝ ወይም ሊነፍጉኝ እራት ጠሩን። በር ላይ እህቴን ክንዷን ያዝኳት።

"እትዬ፣ በሞቴ! ዛሬ ትል የለም።"

"አፌን ለጉሜ እገባለሁ" አለች። ገባችም።

ሰውዬው ከሾርባው በኋላ ደረታቸውን ነፉ። "ወንዙን መረዛችሁት ይሉናል! ፍሳሻችንን ትል ያለበት ገንዳ ውስጥ ጨምረን አስመረመርን። አየር በቱቦ እየነፋንላቸው፣ እንደ አራስ ተንከባክበናቸው! አንድም አልሞተም!"

እህቴን አየኋት። ዳቦ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ፣ ዓይኗን ሳህኗ ላይ ተክላለች፤ እስከ ጆሮዋ ቀልታለች። ለእኔ ብላ ነው የታፈነችው። በእሷ በማፈሬ ሊሰማኝ ይገባ የነበረው ሐፍረት ሁሉ ተጠራቅሞ ፊቴ ላይ ተደፋ። ክራባቴን ላላ አደረግኩ፤ ምንም አልጠቀመኝም።

"አየርስ?" አለ አንድ ድምፅ።

የእኔ ነበር።

"ምን አልክ?"

"ገንዳው ውስጥስ እርስዎ ነፉላቸው። የወንዙ ወለል ላይ ማን ይነፋላቸዋል?"

የሰውዬው ማንኪያ አየር ላይ ቀረ። "ልጄን ልትጠይቅ ነው የመጣኸው ወይስ እኔን ልትመረምር?"

"አባዬ፣ መልስለት እንጂ" አለች እጮኛዬ።

ይኼኔ በጠረጴዛው ሥር አንድ ተረከዝ እግሬን ጨፈለቀው።

"አንተ ልጅ፣ ዝም በል!" አለችኝ ክብርት እህቴ፣ ዳቦዋን እንደ ጎረሰች። "ሰው ፊት ታሳፍረኛለህ!"