«ገባን» የተከለከለበት ክፍል

በአገራችን ትምህርት ቤቶች እንደ «ገባን» የተዋሸበት ቃል ያለ አይመስለኝም። መምህሩ ጀርባውን ሰጥቶ ሰሌዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሞላና ዞር ብሎ «ገባችሁ?» ይላል። ይህን ጥያቄ ብላችሁ እንዳትሞኙ። ሰሌዳውን ላጥፋ ወይ ማለቱ ነው። ተማሪውም «ገባን!» ብሎ በኅብረት ያሰናብተዋል። እኛ አርባ ምንጭ ደግሞ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ፣ ማብራሪያው በአማርኛ፣ ሐሳቡ በጋሞኛ ስለሆነ፣ ከሦስቱ አንዱ ጋ የጠፋን ልጅ ፈልጎ የሚያገኘው የለም። በዚያ ላይ ልጆቻችን ጨዋ ናቸው፤ ትልቅ ሰው ደክሞ ተናግሮ «አልገባኝም» ማለት ነውር ይመስላቸዋል። ፕላዝማ የሚባለው ቴሌቪዥን በየክፍሉ ሲሰቀልማ ጭራሽ ለየለት። ፕላዝማው ይጠይቃል፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ ማንም ሳይመልስለት «ጎበዞች!» ብሎ ያልፋል።

ሶስና የመጣችብን ያኔ ነው። የምዕራብ ዓባያ ልጅ ናት፤ ባዮሎጂ ልታስተምር አዲስ የተቀጠረች፣ የሙከራ ጊዜዋን ለመጨረስ የተቃረበች። ዳይሬክተራችን ክፍል ገብተው ካልወደዱላት ሻንጣዋን ይዛ ወደ እናቷ ቤት ነው። እሳቸው ደግሞ የሚወዱት ጸጥታንና ያለቀ ምዕራፍን ነው።

የግምገማው ቀን፣ የሳይንስ ክፍል ተጠሪ ነኝና እኔም ተከትያቸው ገባሁ። ሰሌዳው ባዶ! ወንበሩ ሁሉ ክብ ሠርቷል። ለካ ሶስና ክፍሉን ዱቡሻ አድርጋዋለች። ዱቡሻ የጋሞ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሚመክሩበት አደባባይ ነው፤ ሰው በተራው ተነሥቶ ይናገራል፣ ማንም አያቋርጠውም። የሷም ሕግ ይኸው ነው፤ ክቡ ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ ይናገራል፣ «ገባኝ» ብሎ ማለፍ ክልክል። ከክቡ ውጭ ወንበር ስላልነበረ እኛም እዚያው ተቀመጥን። የዕለቱ ርዕስ ተክል ምግቡን እንዴት እንደሚሠራ ነው።

ተራው ዳይሬክተሩ ጋ ደረሰ። ፈገግ ብለው፣ «ቀጥሉ፣ ለእኔ ገብቶኛል» አሉ።

ማርታ የምትባል የጫኖ ገበሬ ልጅ ተነሣች። ነገሩ ሲሞቅ አማርኛዋ ላይ አንቱታ ይጠፋባታል።

«ገባኝ አይባልም» አለች። «ምን እንደገባህ ንገረን።»

ክፍሉ ደነገጠ። ሶስና ዓይኗን ጨፈነች። እኔ በሐሳቤ ሻንጣዋን መሸከፍ ጀመርኩ።

ዳይሬክተሩ ተነሥተው ኮታቸውን አስተካከሉ። «ተክል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ይሠራል።»

«ማታስ? የአባቴ ሙዝ ማታ ጦሙን ያድራል?»

ዳይሬክተሩ ሲያስተምሩ የኖሩት ታሪክ ነው። ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«እሱን... እሱን እንኳ አላውቅም» አሉ።

እነዚያ ልጆች ትልቅ ሰው «አላውቅም» ሲል ሰምተው አያውቁም። ከዚያ ወዲያ ማን ይያዛቸው! «ቀን የሠራውን አስቀምጦ ይሆናላ!»፣ «የት?»፣ «ሥሩ ጋ!» ዓመቱን ሙሉ ድምፃቸውን ሰምተን የማናውቅ ልጆች ተራ ይለምኑ ጀመር። ደወል ተደወለ፤ የተነሣ የለም። ዳይሬክተሩም አልተነሡም፤ ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው አገጫቸውን ይዘው ያዳምጡ ነበር። እውነቴን ነው፣ መምህር በመሆኔ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሶስና ቋሚ ሆነች። በሳምንቱ ዳይሬክተሩ መምህራንን ሁሉ ሰበሰቡና፣ ገለጻ ማብዛት በተማሪ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ገለጻ አደረጉልን። እኛም አንገታችንን ደፍተን ጻፍን።

ግን ወንበሮቹን ክብ አስደርድረው ነበር። ይሁን፤ ከወንበርም ይጀመራል።