ወይዘሮ አየሁት ጨለማ ክፍል ገቡ

ዘመድ አዝማድ ያለው ሰው ሁሉ ከዘመዶቹ መካከል አንድ እንዲህ ያለ ሰው አያጣም። ከክንዱ ርዝመት ወዲያ ያለው ዓለም በሙሉ ለእሱ ጭጋግ ነው፤ ነገር ግን ያላየው ነገር የለም። አውቶቡሱን ከሁላችሁም ቀድሞ ያየዋል፣ እየጎተተ ያሳፍራችኋል፣ የሌላ መስመር አውቶቡስ መሆኑን የምታውቁት የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ነው።

የእኛ ቤት ባለማዕረግ አክስቴ ናት፤ የእናቴ ታላቅ እህት፣ ልብስ ሰፊ። ሰፈሩ ከነሙሉ ክብሯ “ወይዘሮ አየሁት” ይላታል። ስለምንም ነገር ቢወራ “አየሁት! ዓይኔን ግንባር ያድርገው አየሁት!” ሳትል አታልፍም። በዚህ ሁሉ መሐላ ዓይኖቿ እስከ ዛሬ ግንባር አለመሆናቸው ይገርመኛል።

እውነቱን ለመናገር ቅርቡን በማየት የሚስተካከላት የለም። መነጽሯን አውልቃ ጨርቁን አፍንጫዋ ላይ ስትለጥፈው እኛ ዓይናችንን አፍጥጠን የማናገኘውን የተዘለለ ስፌት ታገኛለች። ችግሩ የሚጀምረው ጨርቁ ካለቀበት ነው። በሩ ላይ የቆመው ደንበኛ ይሁን የተሰቀለ ካፖርት አትለይም፤ ስለዚህ ለሁለቱም “ግባ፣ ቁጭ በል” ትላለች። መንገድ ላይ ማንንም እንዳታስቀይም ለሚያልፈው ሁሉ እጅ ትነሳለች። በዚህ የተነሳ በትሕትናዋ የታወቀች ናት፤ ጥግ ላይ ያለው የመብራት ምሰሶም ይመሰክርላታል።

አንድ ጊዜ የጎረቤታችን ልጅ ሰርግ ላይ ጠፋችብን። ለካ ጎን ለጎን ሁለት አዳራሽ ነበርና ከማታውቃቸው ሰዎች ሰርግ ገብታ፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ሙሽሮቹን መርቃ፣ ከቤተሰቡ ጋር ፎቶ ተነስታ ኖሯል። “እና ሙሽሪት እንዴት ነበረች?” አልናት ሳቃችንን ውጠን። “አየኋት እንጂ! ቀሚሱ ብብቷ ላይ ጠቧታል” አለች። ቆይቶ እንደሰማነው ግማሽ ላይ ስህተቷ ገብቷት ነበር፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ ኬኩ እስኪቆረስ ተቀመጠች። የሙሽሪት ቀሚስ ግን እውነትም ጠቦ ነበር። ስታቅፋት በእጇ ዳስሳ ነው ያወቀችው።

የዓይን ምርመራዋንም በየዓመቱ በማዕረግ ታልፍ ነበር። ዘዴዋን ያወቅነው ዘንድሮ ነው። ወረፋ ስትጠብቅ ከበሩ ሥር ትቀመጥና ከእሷ በፊት የገባው ሰው ሰሌዳውን ጮክ ብሎ ሲያነብ በቃሏ ትይዛለች። ዘንድሮ እኔም አብሬያት ገብቼ ነበር፤ የዓይን ሐኪሙ አስቀምጧት “በሉ እንጀምር” ብሎ ገና ወደ ማብሪያው ሲሄድ፣ ወይዘሮ አየሁት ከላይኛው ትልቅ ፊደል እስከ ታችኛው ትንኝ የምታህል ፊደል አንድም ሳትስት ወረደችው።

ሐኪሙ እጁን ማብሪያው ላይ እንዳደረገ ቆሞ ቀረ። “እናቴ፣ ሰሌዳውን እኮ ገና አላበራሁትም” አላት።

እኔ ሳቄ አመለጠኝ፤ እሱ አልሳቀም። የአሥር ዓመት ካርዷን ገለበጠና “በዚህ ወረቀት መሠረት እርስዎ ከእኔ የተሻለ ያያሉ” አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ አስረዳኝ። ቅርብ ቅርቡን ብቻ የሚያይ ዓይን እንደ እሷ ሲብስበት የዓይኑ ኳስ ወደ ኋላ እየረዘመ ይሄዳል። ኳሱ ሲረዝም ከበስተጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ ሬቲና የሚሉት፣ እየተወጠረ ይሳሳል። በአክስቴ ዓይን ላይ ደግሞ ሞራ ወጥቶበት፣ ከሞራው ጀርባ ሽፋኑ ይሥራ አይሥራ አሻግሮ ማየት አልተቻለም።

“ሬቲናው የሚሠራ ከሆነ ሞራውን አወጣለሁ፤ ሥራቸውን ይቀጥላሉ” አለ። “የማይሠራ ከሆነ ግን ቀዶ ጥገናው ከንቱ ልፋት ነው። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ እውነቱን ቢነግሩን ኖሮ ከመቼ ጀምሮ እንደደከመ ካርዱ ይነግረን ነበር። አሁን ዓይኑን ራሱን መጠየቅ ነው።”

አክስቴ መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች፤ ጠርጋ ስትጨርስ እንደገና ጠረገች። በዚያ ወር እጅጌው ተገልብጦ የተሰፋ ሸሚዝ ሁለት ጊዜ ተመልሶባት፣ ሁለቱንም ጊዜ ደንበኛውን ጥፋተኛ አድርጋ እንደነበር ያኔ ትዝ አለኝ።

በሳምንቱ ለዚሁ ምርመራ ሄድን። ክፍሉ መስኮት የለውም። የዓይኗን ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ካደረጉላት በኋላ፣ ዓይኗ ጨለማውን እንዲለምድ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ አሉንና መብራቱን አጥፍተው በሩን ዘጉት። እኔ ወንበር ፍለጋ ጉልበቴን ከጠረጴዛ ጋር አጋጨሁ።

“በስተግራህ ነው፤ ሁለት እርምጃ” አለችኝ ረጋ ብላ። እዚያ ክፍል ውስጥ መሪዋ እሷ ነበረች።

ጨለማው መጀመሪያ ከበደኝ፤ ቆይቶ ለሰለሰ። ግድግዳው የት እንደሚጀምር ጠፋኝ። እጄ የት እንዳበቃና ወንበሩ የት እንደጀመረም ጠፋኝ። ከየት እንደሚመጣ የማላውቀው የአየር ማናፈሻ ድምፅ ወደ ስፌት መኪና ድምፅ ተለወጠብኝና፣ ልጅ ሆኜ ከመኪናዋ ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ተንተርሼ የተኛሁ መሰለኝ፤ ከላዬ መርገጫው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ክሮች እየተንሳፈፉ ፊቴ ላይ ያርፋሉ፣ ቀኑም አይመሽም። ድምፅዋን የሰማሁት እዚያው ሆኜ ነው።

“የትምህርት ቤታችሁ የሩጫ ቀን ትዝ ይልሃል?”

“ለሚያልፈው ልጅ ሁሉ ‘ጎበዝ፣ የኔ ልጅ!’ እያልሽ ስትጮሂ ያሳፈርሽኝ ቀን?”

“የትኛው አንተ እንደሆንክ አልለየሁማ። አንተ ስታልፍ ዝም እንዳልል ፈራሁ።”

ክፍሉ ጨለማ በመሆኑ ደስ አለኝ።

“ግራ ዓይኔ ደግሞ…” አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ግራው ከጠፋ አራት ዓመቱ ነው።”

“ምነው እትዬ፣ ለምን አልነገርሽንም?”

“ምን ብዬ? ጨርቁን ለዕውር አምኖ የሚሰጥ የት አለ? መኪናዬን ሸፍኜ ግድግዳ እያየሁ ልቀመጥ? እሱንም እኮ አላየውም።”

በሩ ተከፈተና የምርመራ ባለሙያዋ ደብዛዛ ቀይ መብራት ይዛ ገባች። የሚያደነዝዝ ጠብታ አደረገችላትና ከፀጉር የቀጠነ ክር አወጣች። አክስቴ ክር በጠረኑ ሳታውቅ አትቀርም።

“ይሄ ምን ክር ነው ልጄ?”

“ብር የተቀባ ነው እናቴ። የታችኛው የዓይን ቆብዎ ጠርዝ ላይ አሳርፈዋለሁ። ብርሃን ብልጭ ሲል ዓይንዎ የሚሰጠውን መልስ ወደ መሣሪያው ይወስደዋል።”

“ትራፊ ካለሽ አንድ ክንድ ታስቀሪልኛለሽ” አለች። ትንሽ ቆየችና እንደ ዋዛ ጠየቀች፤ “ከእኔ በፊት የገባችው ሴትዮ ምን ብላ መለሰች?”

“እዚህ ሰው አይመልስም እናቴ። ዓይን ራሱ ነው የሚመልሰው።”

አክስቴ ዝም አለች። ስትሰፋ፣ ስትበላ፣ ተኝታም ስትናገር ነው የማውቃት፤ ያን ያህል ዝም ስትል ሰምቼ አላውቅም። አገጯን ነጭ ጎድጓዳ መሣሪያ አፍ ላይ አስደግፋ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀመጠች።

ብልጭ። ጨለማ። ብልጭ። በየብልጭታው የአክስቴ ነጭ ፀጉር ከጨለማው ወጥቶ ተመልሶ ይሰምጣል። ከባለሙያዋ ፊት ባለው ደብዛዛ ስክሪን ላይ ሁለት መስመሮች ይሄዳሉ። የላይኛው ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ብልጭታው ቢደጋገምም ንቅንቅ አላለም። የታችኛውም ቀጥ ብሎ ጀመረና ዝቅ አለ፣ ከዚያ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ብድግ አለ። ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም። ግን “አንድ ጊዜ ድገመው፣ በናትህ ድገመው” እያልኩ በሆዴ እለምነው ጀመር። መስመር የምለምንበት ቀን ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ውጤቱን ሐኪሙ ራሱ ነገረን። “ግራው መልስ የለውም። ቀኙ ደክሟል፤ ቢሆንም ይመልሳል። በሚቀጥለው ወር ሞራውን አወጣለታለሁ። እንደ ወጣት አያዩም፤ መርፌዎን ግን ያያሉ።”

አክስቴ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ከሐኪሙ ክፍል ወጥተን በውጭ በኩል ወዳለው ደረጃ ስንደርስ አናቱ ላይ ቆመችና በእጇ ክንዴን ፈልጋ ያዘችው።

“ያዘኝ ልጄ” አለች። “አይታየኝም።”

ይህችን ከአፏ እሰማለሁ ብዬ ስጠብቅ ሠላሳ ዓመት ሆኖኛል፤ “አላልኩሽም?” የሚል መልስም አዘጋጅቼላት ነበር። ስትመጣ ግን አንጀቴን በላችው። ይህችን ሴት እንዴት እንደምወዳት ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት፤ እንደ ድሮዋ ብትዋሸኝ ምንኛ ደስ ባለኝ።

“እኔም አይታየኝም እትዬ” አልኳት። “መብራቱን አጥፍተውታል መሰለኝ። ተደጋግፈን እንውረድ።”

“ጠርጥሬ ነበር” አለች፣ የቀትሩን ፀሐይ በመዳፏ እየተከላከለች።