ሰባት ወር የፈጀ የጎማ ምርጫ

የሰው ልጅ ከሌላው ፍጥረት የሚለየው አስቦ በመወሰኑ ነው ይባላል። እኔ ደግሞ ከሌላው የሰው ልጅ የምለየው፣ ማሰቡ ላይ እጅግ ከመበርታቴ የተነሣ ለመወሰኑ ጊዜ ስለማይተርፈኝ ነው። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም። በአንድ መሥሪያ ቤት የጥናትና ዕቅድ ክፍል ኃላፊ ሆኜ ሃያ ሁለት ዓመት አገልግያለሁ። በእኔ አመራር ከተከናወኑት ሥራዎች መካከል «የክፍሉ በር ወደ ውስጥ ይከፈት ወይስ ወደ ውጭ?» በሚል ርዕስ የተካሄደው የሦስት ዓመት ጥናት በግንባር ቀደምነት ይጠቀሳል። ጥናቱ ሊገባደድ ጥቂት ሲቀረው በሩ ከነማጠፊያው ተገንጥሎ ስለወደቀ፣ ጉዳዩ በስኬት ተጠናቋል ተብሎ ተዘግቷል።

ስለዚህ ታላቅ እህቴ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጥታ ሐሳቧን ስትነግረኝ፣ ትክክለኛው ሰው ዘንድ እንደመጣች ወዲያው ገባኝ።

እህቴ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ስትቀበል ኖራለች፤ ወሬ አታበዛም። ብስክሌት መንዳት ያስተማረችኝም እሷ ናት፤ «ከኋላ ይዤሃለሁ» እያለች፣ ሳትይዘኝ።

«ጉልበቴን ኦፕራሲዮን ሊያደርጉኝ ነው» አለች። «ቀጠሮው የዛሬ ሰባት ወር ነው። ከዚያ በኋላ ብስክሌት ላይ ትወጫለሽ ወይስ አትወጪም የሚለውን ሐኪሙ ደፍሮ አልነገረኝም። አሁን ግን ቀስ ብለሽ ብትነጂ አይጎዳሽም ብሎኛል። ሐይቁን አንድ ጊዜ ዞሬው መምጣት እፈልጋለሁ። አምስት ቀን ይበቃናል። አብረኸኝ ትሄዳለህ?»

«እሄዳለሁ!» አልኩ። በሕይወቴ ያለ ጥናት የወሰንኩት ብቸኛው ውሳኔ ይኸው ነው።

«ብስክሌትህስ ደህና ናት?»

«ደህና ናት እትዬ። ጎማዎቿን ብቻ ልቀይርላት።»

«ብቻ» የምትለው ቃል ከአፌ ስትወጣ ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ በሐዘን እንዳየችኝ ትዝ ይለኛል። ባለቤቴ የሂሳብ አስተማሪ ናት። የሚመጣውን አስቀድማ ታሰላለች።

ብስክሌቷ ለረጅም መንገድ የተሠራች፣ ከኋላዋ ዕቃ መጫኛ ያላት፣ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ የገዛኋት ናት። ያሏት ጎማዎች፣ እውነቱን ለመናገር፣ ምንም አልሆኑም ነበር። ግን «ምንም አልሆኑም» ማለት ጥናታዊ ድምዳሜ አይደለም።

በማግስቱ የጎማ መረጣ ዐቢይ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው እኔ፣ ጸሐፊው እኔ፣ ባለቤቴ ደግሞ ድምፅ የሌላት ታዛቢ። ባለቤቴ ድምፅ ባለማግኘቷ ፈጣሪዋን አመስግና ሹመቱን ተቀበለች።

ላላጠና ሰው ጎማ ማለት ክብ ጥቁር ነገር ነው። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ሰፊ ጎማ ድንጋዩን ችሎ ያልፋል፤ ግን ያዘግማል። ቀጭኑ ይፈጥናል፤ ግን መንገድ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ጠጠር ለመቀመጫ በዝርዝር ያስረዳል። ወፍራሙን እሾህ አይደፍረውም፤ ግን ይከብዳል። ስሱ ይቀላል፤ ግን እሾህ ገና ከሩቅ ሲያይ ይተነፍሳል። ጥርስ ያለው ለጭቃ ነው፣ ልሙጡ ለአስፋልት።

«ሐይቁን የሚዞረው መንገድ ደግሞ ግማሹ አስፋልት፣ ግማሹ ኮረኮንች፣ የቀረው ግማሽ ጭቃ ነው» ብዬ ለታዛቢዋ ሪፖርት አቀረብኩ።

«ስንት ግማሽ አለው?» አለች።

ታዛቢ ድምፅ እንደሌላት አስታወስኳት።

ቀጥሎ ባለድርሻ አካላትን ማነጋገር ነበረብኝ። ቢሮ ውስጥ «ዓለም አቀፉ» የምንለው ባልደረባ አለን፤ ከብዙ ዓመት በፊት ለስድስት ቀን ሥልጠና ውጭ አገር ሄዶ፣ እስከ ዛሬ በልቡ አልተመለሰም። «እዚያ ሰፊውን ነው የሚነዱት» አለኝ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። የፋይናንስ ኃላፊዋ ብስክሌት ነድታ አታውቅም፤ ቀጭኑ እንደሚሻል ግን እርግጠኛ ነበረች። በመጨረሻ ደብዳቤ የምታደርሰውን ሠራተኛ ጠየቅኩ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ፣ በዝናብም በፀሐይም፣ ከተማውን በብስክሌት ስትመላለስበት የኖረች ሴት ናት።

«በእርስዎ አስተያየት፣ ለረጅም ጉዞ የሚመረጠው ምን ዓይነት ጎማ ነው?» አልኳት፣ ብዕሬን አዘጋጅቼ።

«ክብ ከሆነ ይበቃል» ብላ ፖስታዋን አንጠልጥላ ሄደች።

ማስታወሻዬ ላይ «መላሿ በመስኩ በቂ ዕውቀት የላቸውም» ብዬ ጻፍኩ።

በሦስተኛው ወር ወደ ኢንተርኔት ተሸጋገርኩ። እዚያ በየአገሩ ያሉ የጎማ ሊቃውንት እንደ ውርስ ተካፋይ ሲጣሉ ይውላሉ። አንዱ በአንድ ጎማ ምድርን አቋርጦ አንዴም እንዳልተበሳበት ይምላል። ሌላው በዚያው ጎማ ከቤቱ ወጥቶ እስከ ዳቦ ቤት አልደረሰም። ሁለቱንም አመንኳቸው። የጎማው ጎን ጥቁር ይሁን ወይስ ቡናማ የሚለው ብቻውን አሥራ ስድስት ቀን ወሰደብኝ፤ ያ ሁሉ ጊዜ የምግብ ጠረጴዛው በሠንጠረዦቼ ተሸፍኖ ቤተሰቡ ሳህን ጭኑ ላይ አድርጎ ሲበላ ከረመ።

በአምስተኛው ወር ወደ ተግባራዊ ሙከራ ገባን። ከአንድ ሱቅ ሁለት ዓይነት ጎማ ለናሙና ተዋስኩ። እርጥብ መንገድ ላይ ያላቸውን ይዞታ ለመለካት በረንዳውን በሳሙና ውሃ አጥለቅልቄ ጎማዎቹን በየተራ ገፋኋቸው። ከተሞከሩት መካከል የተንሸራተተው ተመራማሪው ብቻ ነው። ባለቤቴ ወገቤን እያሸች «የቱ አሸነፈ?» አለችኝ። ውጤቱ ገና እየተተነተነ መሆኑን ገለጽኩላት።

እህቴ በየሳምንቱ ትደውላለች።

«ወሰንክ?»

«የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ነን፣ እትዬ።»

«ስንት ሆናችሁ ነው?»

«እኔ ብቻዬን ነኝ።»

«ጉልበቴ እንደሆነ ምዕራፍ አያውቅም» ብላ ትዘጋዋለች። እንዲህ ባለች ቁጥር ልቤ ይከፋል፤ የተከፋ ልቤን ለማጽናናትም አንድ አዲስ ሠንጠረዥ እጨምራለሁ።

በመጨረሻም ቀጠሮዋ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ውሳኔው ይፋ ሆነ። እህቴ ለእራት ተጠራች። ቆሜ የሩብ ሰዓት ንግግር አደረግሁ። የተመረጠው ጎማ ሰፊ ሆኖ የማያዘግም፣ ወፍራም ሆኖ የማይከብድ፣ ጎኑ ቡናማ የሆነ፣ የአንድ መቶ አርባ ሦስት ገጽ ጥናት ፍሬ መሆኑን አበሰርኩ። ሁለት ሴቶች አጨበጨቡ። ያጨበጨቡት ንግግሩ ስላለቀ መሆኑን የተረዳሁት በኋላ ነው።

በማግስቱ ጎማዎቹን ገዝቼ፣ ብስክሌቷን እየገፋሁ፣ ሁለቱን ሴቶች አስከትዬ ሰፈራችን ያለው ጎሚስታ ዘንድ ደረስኩ። ጎሚስታው እጁ ከጎማ ጋር አንድ መልክ ያወጣ፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ነው። አሮጌዎቹን ጎማዎች ፈትቶ አገላብጦ አያቸው።

«እነዚህ ምን ሆኑ?» አለኝ።

«ጥናቱ አይደግፋቸውም።»

አዲሱን አነሣ። ከቸርኬው ጋር፣ ማለትም ጎማው ከሚቀመጥበት የብረት ክብ ጋር፣ አስጠጋው። አንዴ ወደ ብረቱ፣ አንዴ ወደ ጎማው፣ አንዴ ወደ እኔ ተመለከተ።

«ይሄ ለሌላ ብስክሌት ነው።»

«እንዴት?»

«ትልቅ ነዋ! የእርስዎዋ ትንሽ ናት። ቁጥሩን አላዩትም? ይኸው፣ አሮጌው ጎማ ጎኑ ላይ ተጽፏል።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ተጽፏል። ጎላ ብሎ፣ ማየት ለማይችል ሰው በጣት እንዲዳሰስ ተደርጎ ተጽፏል። በአንድ መቶ አርባ ሦስት ገጽ ውስጥ ስለ ጎማ ታሪክ፣ ስለ ላስቲክ ዛፍ፣ ስለ ቡናማ ቀለም ሥነ ልቦናዊ ጥቅም ሳይቀር ሰፍሯል። የብስክሌቴ ጎማ ቁጥር ስንት ነው የሚል ጥያቄ ግን አልተነሣም ነበር።

ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። «ጥቃቅን የአፈጻጸም ክፍተት አጋጥሟል» አልኩ። «ጎማዎቹን ለውጠን፣ ጥናቱን ከአዲሱ ልኬት ጋር አጣጥመን፣ በሦስት ሳምንት...»

«ነገ ጠዋት ነው የምሄደው» አለች እህቴ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ብቻዬን እሄዳለሁ። ግድ የለም።»

«እትዬ፣ በነዚህ አሮጌ ጎማዎች እኔ ኃላፊነት አልወስድም...»

ባለቤቴ እስከዚያች ሰዓት ድምፅ አልነበራትም። ወደ ጎሚስታው ዞር ብላ «አሮጌዎቹን መልሰህ ግጠማቸው» አለችው። «ኮርቻውንም ዝቅ አድርግልኝ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ስብሰባ የተላለፈ ውሳኔ በዓይኔ አየሁ። አፈጻጸሙ አሥር ደቂቃ ወሰደ።

ሲነጋ ሄዱ። እስከ መንገዱ መታጠፊያ ሸኘኋቸው። እህቴ ከፊት፣ ባለቤቴ ከኋላ፣ እየተሳሳቁ ወረዱ። ማናቸውም ወደ ኋላ አልዞሩም። እኔም የማይሆኑ ሁለት ጎማዎችን ይዤ ሰፊ ቤት ውስጥ ቀረሁ።

ያሳለፍኳቸውን ቀናት በሐቀኝነት ልመስክር። ደህና እንዲሆኑ እጸልይ ነበር። ከጸሎቱ ሥር ሥር ደግሞ አንዲት ትንሽ፣ የምታሳፍር ልመና ነበረች፦ ጎማው አንድ ጊዜ፣ ለአመል ያህል፣ እንዲበሳ። በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ጎማው ተበሳ» አለች ባለቤቴ። «የኋላው።»

ደስ አለኝ። ይህን መሰወር አልችልም፤ ደስ አለኝ። «በምን? በየት በኩል? ከመሬት ጋር ያለው አንግል...» ስል መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ብሞክር አይሠራም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የ«ብዬ ነበር» ንግግሬን አዘጋጀሁ። በጣም ጥሩ ንግግር ነበር። አምስተኛው ቀን ሲያልፍ ሳይመጡ ሲቀሩ ግን ንግግሩ ሁሉ ከአንጎሌ ጠፋ። ከቤት እስከ መታጠፊያው ስመላለስ፣ ብቻ በሰላም ይግቡ እንጂ የፈለገው ጎማ ይሁን፣ ባዶ ብረትም ይሁን፣ ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰብኩ። በስድስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ብቅ አሉ፤ ፀሐይ አጥቁሯቸዋል፣ ልብሳቸው አቧራ ለብሷል፣ ፊታቸው ግን ሌላ ነው። ሮጬ ሁለቱንም አቀፍኳቸው።

ሳሎን ሲቀመጡ ያው አመሌ ተመለሰ። «ጎማው በምን ነው የተበሳው?» አልኩ።

«በእሾህ» አለች እህቴ፣ ጉልበቷን እያሸች።

ባለቤቴ ሳቀች፤ ከዚያ መሳቋን ተወችና ጀመረች። «ቤት የሌለበት ቦታ ነው የተበሳብን። አንድ የዓሣ አጥማጅ ቤት ብቻ ከሐይቁ ዳር አለ። የተበሳውን ቦታ ለማግኘት የውስጡን ጎማ ውሃ ውስጥ መንከር አለብን ብላ እትዬ ሳፋ ልንለምን ሄድን። በሩን ስናንኳኳ ከውስጥ የሚያቃስት ሰው ሰማን።»

ሴትዮዋ ምጥ ላይ ነበረች። ብቻዋን። ቀኗ ሳይደርስ ነው የመጣባት፤ ባሏ ሐይቁ ላይ ነው፣ ስልክ አይሠራም። እህቴ ያን ሳፋ አጥባ እጇን ታጠበች። ባለቤቴ የሴትዮዋን እጅ ይዛ በአንዱ ምጥና በሚቀጥለው መካከል ያለውን ደቂቃ ስትቆጥር አመሸች።

«እትብቱ አንገቱ ላይ ሁለቴ ተጠምጥሟል» አለች ባለቤቴ ቀስ ብላ። «ሰማያዊ ሆኖ ነው የወጣው። እኔ ሞቷል ብዬ ነበር። እትዬ ፈታችለት፣ አፉን ጠረገችለት፣ ጀርባውን አሸችው፣ አሸችው... ከዚያ ጮኸ። ኧረ እንዴት ያለ ጩኸት!»

እህቴ «ልማድ ነው» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

ባልየው ከሐይቁ ሲመለስ ራሱን አባት ሆኖ አገኘው። ጀልባውን በሚለጥፍበት ማስቲሽ ጎማቸውን ለጥፎላቸው፣ አንድ ቀን አሳርፎ ሸኛቸው።

ባለቤቴ አቧራ የለበሰ ጫማዋን አውልቃ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ የመረጥከው ጎማ ቢሆን ኖሮስ?» አለች ባለቤቴ።

«አይበሳም ነበር!» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ሁለቱ የተናገርኩትን ወዲያው ሰሙት። እኔ የሰማሁት ትንሽ ቆይቼ ነው። ደረቴ ቀስ እያለ ተነፈሰ።

እህቴ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ነገር ልትቀይር ፈለገች። «አባትየው የብስክሌቷ ባለቤት ማን ነው ብሎ ጠየቀን። ወንድሜ ነው አልኩት። ልጁን በስሙ ልጥራው ብሎ ለመነን።»

ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሃያ ሁለት ዓመት አገልግዬ በስሜ የተጠራ አንድ ወንበር እንኳ የለም። «ታዲያ ምን አላችሁት?»

«እንቢ አልነው» አለች እህቴ። «ልጁ ምን አጠፋ? ባንተ ስም ከተጠራ፣ የቀኝ እግሬን ላስቀድም ወይስ የግራዬን እያለ ሲያጠና እንደዳኸ ያረጃል።»