ባለ አንድ ዓይኖቹ ጎን

ሰዓሊው አገጬን በሁለት ጣቱ ያዘና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞረው። በጎን ሊያየኝ ነው። ደነገጥሁ።

ምነው ትሉ ይሆናል። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ የማነበው የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው። እዚያ ላይ ጻድቅ የሆነ ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ያያችኋል። ሰይጣኑ፣ ከሃዲው፣ ጌታን የገረፈው ጭፍራ ግን በጎን ይሣልና አንድ ዓይን ብቻ ይቀርለታል። ይኸን የኛ አገር ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ታዲያ ሰዓሊ በጎን ሲያያችሁ ምን ትላላችሁ?

ጣሊያን ከወጣ ወዲህ ነው። ሚስቴን አገሬ ኮሶዬ ትቼ ጎንደር የወረድሁት ያረጀ ቤተ ክርስቲያን ሲለሰን ጭቃ ላቦካ ነበር። ልስኑ ሲያልቅ ሰዓሊው ለግድግዳው ሥዕል የሰው ፊት ፈለገና እኔን ጠራ። ኮሶዬ የማን ልጅ እንደሆንሁ ውሻው ሳይቀር ያውቃል። ከተማ ትልቅ ነው፤ “አንተ ጭቃ” ሲሉኝ ዞር ማለት ለመድሁ። አገር ቤት ደግሞ ከተማ አበላሸው፣ መጠጥ ያዘው ይባላል አሉ። አማቴ አያ ደረሰ፣ “ለንግሡ መጥቼ አየዋለሁ፤ እውነት ከሆነ ልጄን ወደ ቤቴ እመልሳለሁ” ብለው ላኩብኝ። አልጠጣሁም። ግን ግድግዳ ከመሰከረብኝ ማን ያምነኛል?

ስለዚህ ፊቴን መለስሁና ሰዓሊውን ትክ ብዬ አየሁት። ከፍርሃቴ ብዛት ዓይኔ ፈጠጠ።

“እንዲያው ሁን” አለ። “እንዳትነቃነቅ።”

ከሰሉን አነሣ። ሲጨርስ ግድግዳውን በአቡጀዲ ጋረደና ማንንም አላስቀርብ አለ።

እስከዚያ ፊቴን የማውቀው በወንዝ ውኃ ነው፤ በኋላ ግድግዳው ላይ ስፈልገው እንዳላጣው ብዬ ፒያሳ ከፀጉር አስተካካዩ መስታወት ፊት ሄጄ ተገተርሁ። ሁለት ዓይን አለኝ። አላጽናናኝም። መስታወት ያየውን ነው የሚናገር፤ ሰዓሊ ያወቀውን የሚናገር እንደሆነስ?

“ትላጫለህ ወይስ መስታወቷን ታገባታለህ?” አለኝ ባለቤቱ። ወጣሁ።

የንግሡ ዕለት አቡጀዲው ወረደ። ከሕዝቡ ጀርባ ሆኜ ባለ አንድ ዓይኖቹን በየተራ መረመርሁ። ጅራፍ የያዘው አፍንጫው የኔን መሰለኝ። ችንካር የሚያቀብለውም የኔን መሰለኝ። ሰው ከፈራ የማይመስለው የለም። አያ ደረሰ ከፊት፣ ዘንጋቸውን ተደግፈው፣ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ያያሉ። አንድ ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። ዘወር ብለው በጣታቸው ጠሩኝ።

ሄድሁ። እግሬ ነው የሄደ፤ እኔስ እዚያው ቀርቻለሁ።

የቆሙት የባሕሩ ሥዕል ሥር ነበር። ማዕበሉ ጀልባዋን አንሥቷታል፤ ጌታ ተኝቷል። ከቀዛፊዎቹ አንዱ፣ ፒያሳ መስታወት ውስጥ ያየሁት ሰውዬ፣ መቅዘፊያውን አቅፎ ፊት ለፊት አፍጥጦብናል።

አያ ደረሰ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩ።

“ምነው ልጄ፣ ሁለቱንም ዓይን ሰጥቶህ፣ ጌታም አጠገብህ ተኝቶ፣ ምኑ ነው እንዲህ ያስፈራህ?”