«እናያለን» የተባለው ልጅ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። እኔ እስከማውቀው ድረስ ግን መልአኩ ተራ የሚያገኘው የልጁ ወላጆች ከጎረቤት ጋር ሰላም የሆኑ እንደሆነ ነው። አለዚያ ስምን የሚያወጣው ነገር ነው። ፊት ለፊት ለመናገር ያልደፈርነውን ሕፃኑ ላይ እንለጥፍና ጠዋት ማታ እየጮህን እንጠራዋለን፤ ሰሚው ይሰማል፣ ያመዋል፤ «ምን ማለትህ ነው?» ያለ እንደሆነ «ልጄን ነው የጠራሁት» ይባላል። የትኛው ጠበቃ ይረታናል? እኔ ራሴ አስቻለው ነኝ። አባቴ እንዲህ ያለኝ በመሬት ለተጣላው አጎቴ «ያንተን በደል እግዜር አስቻለኝ» ለማለት ነው። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ይበልጣል ይባላል። ከማን? ካላችሁ፣ በዚያው ሰሞን ከተወለደው ከጎረቤታችን ልጅ።

ዛሬ ዛሬ እዚህ ሐዋሳ ነገሩ ተለውጧል። ልጅ ሲወለድ ብሉይ ኪዳን ይገለጣል፤ ማንም አንብቦ የማይደርስበት ገጽ ላይ ያለ ስም ተፈልጎ ይመጣል። በኛ ሰፈር፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ በር ላይ ቆማችሁ «ኢዮስያስ!» ብላችሁ ብትጣሩ ከየግቢው ኳስ የያዘ ልጅ ይወጣላችኋል። መጽሐፉን መግለጥ የሰነፈ ከቱርክ ድራማ ይወስዳል። እነዚህ ስሞች ትርጉማቸውን የሚያውቅ ስለሌለ ማንንም አይነኩም። ሰው እንቅልፉን ተኝቶ ያድራል።

ስለዚህ ጎረቤቴ ታምራት የመጀመሪያ ልጁን «እናያለን» ብሎ ሲሰይመው ሰፈሩ ቢታመም አትፍረዱበት።

እናያለን በአማርኛችን ምን እንደሆነች ታውቃላችሁ። ሁለት ሰዎች ተጣልተው፣ ገላጋይ መሃል ገብቶ፣ አንደኛው ወደ ቤቱ ሲያዘግም ዞር ብሎ ጣቱን እየነቀነቀ የሚወረውራት የመጨረሻ ቃል ናት። ከርሷ ወዲያ ያለው ወይ ዱላ ነው ወይ ፍርድ ቤት። እንግዲህ ይቺን ቃል አንስቶ አራስ ልጅ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ምን አስቦ ነው? የሚያየውስ ማንን ነው?

እኔን ነው። ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

ታምራትና ሚስቱ ምሕረት ከኛ ጋር አንድ አጥር ይጋራሉ። ሁለቱም የሶዶ ልጆች ናቸው፤ እሱ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ይሠራል፣ እሷ ሐይቅ ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ትቀበላለች። ጸጥ ያሉ፣ እሑድ እሑድ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በብብታቸው ይዘው ቸርች የሚሄዱ ሰዎች ናቸው። ልጅ ሳይወልዱ ዓመታት አለፉ፤ አርግዛ ስናይ ደስ አለን። ችግሩ የኔ አቮካዶ ነው። ግንዱ በኔ ግቢ ውስጥ ነው፤ አንደኛው ቅርንጫፉ ግን አጥር ተሻግሮ በነሱ ቆርቆሮ ላይ ተንጋሏል። ፍሬው በበሰለ ቁጥር ይወድቃል። አቮካዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወድቅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? መድፍ ነው።

አንድ ቀን ታምራት መጣ።

«ጋሼ፣ ምሕረት እንቅልፍ አጣች። ይቺን ቅርንጫፍ ብቻ ቢያስቆርጡልን?»

«ታምራት፣ ዛፉ እኮ ካንተ በፊት ነው ሰፈር የገባው» አልኩት። ቀልድ ነበር። እሱ ግን አልሳቀም።

«እሺ ጋሼ» ብሎኝ ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ በራቸው ተዘጋ። ምሕረት ጠፋች። ታምራት አንዳንድ ጠዋት ብቅ ይልና በጥድፊያ ልብስ ይዞ ይወጣል፤ ሰላምታው ከአንገት በላይ ነው። ባለቤቴ ዘነበች በር ላይ ይዛ «ምሕረት ደኅና ናት?» ስትለው «እናቷ ጋ ናት» ብሎ ዓይኗን ሳያይ አለፈ። ብብቱ ሥር የምትታየኝ ቦርሳ ልክ የጠበቃ ቦርሳ መሰለችኝ። ለአንድ ቅርንጫፍ ሊከሰኝ ነው ብዬ እርግጠኛ ሆንኩ።

ከዚያ ልጅ ይዘው ተመለሱ። ዘነበች አጥሚት አፍልታ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ልትል ሄደች። ስትመለስ ፊቷ ሌላ ሆኗል።

«ወንድ ነው» አለች። «ሚጢጢ፣ ከጣት የማይበልጥ ነገር። ግን ያምራል።»

«ስሙስ?»

ነጠላዋን አውልቃ አጣጠፈች። መልሳ ዘረጋችው።

«እናያለን።»

«ምኑን ነው የምናየው? ስሙን ንገሪኝ እንጂ።»

«ነገርኩህ እኮ! እናያለን ነው ስሙ።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ጠዋቴ ተበላሸ። ከዛፌ ሥር ቆሜ ጥርሴን ስፍቅ ከአጥሩ ወዲያ የታምራት ድምፅ ይመጣል፤ «እናያለን! አዎ! እናያለን!» በዚያ ላይ በሳቅ። አንድ ጊዜ በአጥሩ ቀዳዳ አጮለቅሁ። ልጁን ታቅፎ ቅርንጫፌን እያየ ቆሟል። አያችሁ? ልጁ እንኳ አንጋጦ እያየ ነው። ጠላቱን ከወዲሁ እያሳወቀው መሰለኝ።

«ቡችላ ላመጣ ነው» አልኳት ለዘነበች። «ስሙን “ሞክራት” ነው የምለው።»

«አስቻለው! ለጨቅላ መልስ የምትሰጠው በውሻ ነው?»

ተውኩት። ስሙ ግን ጥሩ ስም ነበር።

ብሶቴን ይዤ ማዕዘኗ ላይ ወዳለችው ሱቅ፣ ወደ እትዬ ሽታዬ ሄድኩ። እትዬ ሽታዬ የሰፈሩን ወሬ ከስኳሩ ጋር የምትመዝን ሴት ናት። ነገሬን ሳልጨርስ ሽሮ የምትሰፍርበትን ጣሳ አስቀመጠች።

«ለአንተማ ምን ብለው! ለኔ ነው» አለችኝ። «ምሕረት ያረገዘች ጊዜ፣ እዚሁ ቆሜ፣ “እስቲ ትውለድና እናያለን” ብያለሁ። አንዱ ወስዶ ነግሯቸዋል። ቃሌን ነው የለጠፉብኝ!»

«አይደለም እትዬ፣ በአቮካዶው ነው።»

«ሰው በዛፍ ተቀይሞ ልጁን ይሰይማል?»

የተሰደብኩትን ስድብ ስትቀማኝ፣ አልዋሻችሁም፣ ቅር አለኝ። ለካ ሌላም ተካፋይ ነበረ፤ የታምራት አለቃም ስሙን ሲሰማ «ዕድገቱን ስላዘገየሁበት ነው» ብሎ ሰሞኑን በአክብሮት ሰላም ይለዋል ተባለ።

ልጁ በቸርች የሚጸለይለትና የሚመረቅበት ቀን ደረሰ። ታምራት በሬን አንኳኳ። «ጋሼ፣ እሑድ ምሳ እኛ ጋ ነው። እንዳይቀሩ። እርስዎ በተለይ።»

በተለይ! እኔ በተለይ ለምን? ሌሊቱን «በተለይ»ን ሳገላብጣት አደርኩ። እሑድ ግቢያቸው ውስጥ ወደተተከለው ድንኳን ስገባ መውጫው አጠገብ ተቀመጥኩ። እትዬ ሽታዬ ከኔም ብሳ መቀመጫዋን ወደ ውጭ አዙራለች።

ምሳ ከመቅረቡ በፊት አንድ የቸርቹ ሽማግሌ ተነሡ። ልጁን ታቅፈው ፈገግ አሉ። «ወገኖች፣ ለብዙ ልጅ ጸልያለሁ። ዛሬ ግን ስሙን ስጠራ ዛቻ መሰለብኝ። ታምራት፣ እስቲ ትርጉሙን ንገረን።»

ታምራት ቆመ። አፉን ከፈተ። ወደ ምሕረት ዞረ። ምሕረት እጁን ያዘችና ከተቀመጠችበት ተነሣች።

«ሳይደርስ ነው የተወለደው» አለች ቀስ ብላ። «እናቴ ጋ ነኝ ያልነው ውሸት ነው፤ ይቅር በሉን። ሆስፒታል ነበርን። ከተናገርነው የሚያመልጠን መስሎን ነው። ልጁ የማሞቂያ መስታወት ውስጥ ተኝቶ ጠዋት ጠዋት ዶክተሩን “ይተርፍልኛል?” እለዋለሁ። “እናያለን” ይለኛል። ሌላ ቃል የለውም። መጀመሪያ ጠላሁት። ምናለ አይዞሽ ቢለኝ እል ነበር።»

ወደ ልጁ ዞር አለች።

«ከጎኔ አንዲት እናት ነበረች። እሷም እንደኔ ትጠይቅ ነበር፤ እሷንም “እናያለን” ይላት ነበር። አንድ ጠዋት ስትጠይቀው እንደዚያ አላላትም። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ “እናያለን” ሲለኝ እልል ማለት ያምረኝ ጀመር። እናያለን ካለኝ ልጄ አለ ማለት ነው። በዚያች ቃል ነው የከረምነው። ሌላ ስም ማውጣት አቃተን።»

ዘነበች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። እኔ አንገቴን ደፍቼ ጫማዬን አያለሁ። ሽማግሌው ልጁን ከፍ አድርገው ያዙትና በሙሉ ድምፃቸው «እናያለን!» ብለው ጸሎት ጀመሩ፤ እኛም አሜን አልን።

ከምሳ በኋላ ታምራትን ጥግ ያዝኩት። «ያን ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ ጋሼ? ሰው “ደኅና ናት?” ሲለኝ እንባዬ ይመጣል። ለዚያ ነው የምሸሻችሁ። ዛሬ በተለይ እንዲመጡ የፈለግሁትም ዘግቼዎት ስለከረምኩ ነው።»

«ታዲያ ቅርንጫፌን ከልጁ ጋር ቆመህ የምታየው?»

«አይተውናል እንዴ?» ሳቀ። «ቅጠሉን እያሳየሁት ነው። ሆስፒታል ሆኖ የሚያየው ጣራ ብቻ ነበር።»

በማግስቱ ቅርንጫፉን አሳጠርኩት። ቆርቆሮው ላይ የተኛው ብቻ ተቆረጠ፤ ልጁ የሚያየው ቀረ። እትዬ ሽታዬ ግን እስከ ዛሬ አልጠራላትም። «እሺ፣ ዶክተሩ ነው እንበል» ትለኛለች ስኳር እየመዘነች። «ዶክተሩ ግን ቃሏን ከማን ሰማ?»

አሁን ልጁ እግር አውጥቷል፤ ሩጫውን አትጠይቁኝ። ባለፈው እሑድ ሁለቱ ቤተሰቦች ሐይቅ ዳር ዓሣ ልንበላ ወጣን። ገና ምግብ ሳይቀርብ ልጁ አምልጦ ወደ ውሃው ሮጠ። ምሕረት ደንግጣ ከወንበሯ ብድግ አለችና ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኸች፤

«እናያለን! እናያለን ብያለሁ!»

ታምራት ሮጦ ልጁን አፈፍ አደረገው። ያን ጊዜ ነው አጠገባችን ያለውን ጠረጴዛ ያየሁት። ሙሉ ሱፍ የለበሰ፣ ቦርጫም፣ ሁለት ስልክ ከፊቱ የደረደረ ሰው ሹካው አየር ላይ ቀርቷል። ምሕረትን አየ። እኔን አየ። ከዚያ ወደኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይቅርታ አባት... ሴትዮዋ እኔን ነው?»

ላስረዳው አፌን ከፈትኩ። ስለ መስታወቱ፣ ስለ ዶክተሩ ልነግረው ነበር። ግን ፊቱን አየሁት። ግንባሩ ላብ አውጥቷል፤ ዓይኑ አንድ የሚያውቀውን ነገር እየፈለገ ይመስል ወዲያ ወዲህ ይላል። ይሄ ሰው፣ ማን እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ቦታ አንድ ሰው ላይ አንድ ነገር አድርጓል።

«እርስዎ ያውቃሉ» አልኩት።

ዓሣውን እንኳ ሳይጨርስ ሄደ።